ዲጂታል8፦ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የቆመው የቪዲዮ ካሴት፣ ጥቅሙና ጉዳቱ

የቴክኖሎጂ ዓምዳችን ዛሬም ይዟችሁ የሚቀርበው ነገር አለው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። በቤታችሁ ቁም ሳጥን ወይም አልጋ ሥር በትንሽ ካርቶን የተቀመጠ የቪዲዮ ካሴት አለ? ብዙዎቻችሁ «አዎ» እንደምትሉ እንገምታለን። የታላቅ እህት ሰርግ፣ የወንድም ክርስትና፣ የአክስት ምርቃት በእንደዚህ ዓይነት ካሴት ላይ ተቀርጿል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይከብዳል። ያንን ካሴት ዛሬ ማየት ብትፈልጉ በምን ታዩታላችሁ? ስልክ ውስጥ አይገባ፣ ፍላሽ አይደል! ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን የተሠራ አንድ የካሴት ዓይነት ነበር። ስሙ ዲጂታል8 ይባላል፤ ሲነበብ «ዲጂታል ኤይት» ነው። ዛሬ የዚህን ካሴት ጥቅምና ጉዳት በሚዛን አስቀምጠን እናያለን።

ከየት መጣ?

ከሁሉ በፊት ትንሽ ታሪክ። ድሮ በየቤቱ የነበረው የቪዲዮ ዴክ ካሴት ቪ.ኤች.ኤስ. ይባላል። መጠኑ የመማሪያ መጽሐፍ ያህል ስለሆነ፣ እሱን የሚይዘው ካሜራም ትልቅ ነበር፤ ቀራጩ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ነበር የሚሠራው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ቪዲዮ8 የሚባል ትንሽ ካሴት ገበያ ላይ ዋለ። «8» የተባለው የክሩ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። ካሴቱ መዳፍ ላይ ስለሚያርፍ ካሜራውም አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ሃይ8 የሚባለው መጣ፤ ካሴቱ በመጠን ያው ሆኖ ምስሉ ጠራ አለ። ሁለቱም ግን አናሎግ ነበሩ። የቃሉን ትርጉም ትንሽ ቆይተን እናስረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1995 ነገር ተለወጠ። ሚኒ ዲቪ የተባለ፣ ምስልን በቁጥር የሚመዘግብ ዲጂታል ካሴት መጣ። የክሩ ስፋት 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰዎች ተደሰቱ፤ ግን አንድ ችግር አለ። በቤታቸው ሳጥን ሙሉ የ8 ሚሊ ሜትር ካሴት አላቸው። አዲሱ ካሜራ ደግሞ ያንን ካሴት አይቀበልም። «አዲሱን ብገዛ የልጆቼን ትዝታ በምን ላየው ነው?» ማለት ጀመሩ።

የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዚህ መላ ዘየደ። የሚኒ ዲቪን ዲጂታል አጻጻፍ ወስዶ በዚያው በተለመደው የ8 ሚሊ ሜትር ካሴት ላይ አደረገው። ያ ነው ዲጂታል8። አንድ እግሩ በአሮጌው፣ አንድ እግሩ በአዲሱ የቆመ ማለት ነው። የሽግግር ካሴት የምንለውም ለዚህ ነው።

አናሎግና ዲጂታል ምንድን ነው ልዩነታቸው?

ይህን ለመረዳት ክፍል ውስጥ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። የመጀመሪያው ተማሪ የአንበሳ ሥዕል ይሥላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ ይሥላል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን አይቶ፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥረኛው ይደርሳል። አሥረኛው ተማሪ ጋ ስትደርሱ አንበሳው ድመት ሆኖ ታገኙታላችሁ! አናሎግ እንደዚህ ነው። ምስሉ በክሩ ላይ በማግኔት ሞገድ ይሣላል፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ በሥዕሉ ፈንታ 4, 9, 1, 7, 3 የሚሉ ቁጥሮችን አስተላልፉ። ተጠንቅቆ የገለበጠ ሁሉ አሥረኛው ጋ ሲደርስም ያንኑ 4, 9, 1, 7, 3 ያገኛል። ዲጂታል እንደዚህ ነው። ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ወደ ቁጥር ይለውጥና ቁጥሩን በክሩ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ ቅጂውና ዋናው አይለያዩም።

ክሩ ራሱ ግን በሁለቱም ያው ነው፤ በጣም ደቃቅ የማግኔት ዱቄት የተቀባ ቀጭን ፕላስቲክ። ካሜራው ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከር ትንሽ ከበሮ አለ። ከበሮው ላይ ያሉት ሄዶች ክሩን ሰያፍ ሰያፍ እያደረጉ ይጽፉበታል፣ ያነቡበታልም። ዲጂታል8 ላይ የተለወጠው የሚጻፈው ነገር ነው፤ የሚጻፍበት ደብተር ያው የድሮው ነው።

ጥቅሞቹ

1ኛ. አሮጌውን ካሴት ያጫውታል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ብዙዎቹ የዲጂታል8 ካሜራዎች የድሮውን ቪዲዮ8 እና ሃይ8 ካሴት ያነባሉ። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ እያጫወቱ ምስሉን እዚያው ወደ ዲጂታል ለውጠው በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይልኩታል። ሚኒ ዲቪ ይህን አይችልም፤ ካሴቱም ከነጭራሹ አይገባበትም።

2ኛ. የምስሉ ጥራት ከሚኒ ዲቪ አያንስም። አጻጻፉ አንድ ነው። በእኛ አገር በሚሠራበት በፓል አሠራር እያንዳንዱ ምስል ወደ ጎን 720፣ ወደ ታች 576 ነጥብ አለው፤ በሴኮንድም 25 ምስል ይመዘገባል። «ክሩ የአሮጌ ስለሆነ ምስሉም አሮጌ ነው» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል።

3ኛ. ሲገለበጥ አይደበዝዝም። ካሜራው ፋየርዋየር የሚባል መስመር አለው፤ ሶኒ አይሊንክ ብሎ ይጠራዋል። በዚያ መስመር የተገለበጠ ቪዲዮ እንደ ቁጥሩ ጨዋታችን ነው፤ ቅጂው ከዋናው ጋር እኩል ነው።

4ኛ. ጽሑፉ ሰፋ ይላል። ክሩ ከሚኒ ዲቪ ስለሚሰፋ፣ ሄዱ የሚጽፋቸው መስመሮችም ሰፋ ይላሉ። ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ትንሽ አቧራ ቢያርፍ ፊደሉ ይጠፋል፤ ትልቅ ጽሑፍ ላይ ቢያርፍ ግን ማንበብ ይቻላል። ለካሴትም እንደዚሁ ነው።

5ኛ. በድንገት አይሰረዝም። ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ተነክቶ ሁሉ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ካሴት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ እንዳይቀረጽ የሚከለክል ትንሽ መዝጊያም ከጎኑ አለው።

ጉዳቶቹ

1ኛ. ሰዓቱ ያጥራል። ዲጂታል ሲሆን የሚጻፈው ነገር ስለሚበዛ ክሩ በፍጥነት ይሮጣል። በፓል 90 ደቂቃ የሚይዘው ካሴት በዲጂታል8 የሚይዘው 60 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። የሒሳብ መምህራችን በክፍልፋይ ምሳሌ ቢጠቀሙበት ደስ ይለናል!

2ኛ. ካሜራው ይገዝፋል። ካሴቱ ትልቅ ስለሆነ የሚኒ ዲቪን ያህል ሊያንስ አልቻለም። እጅ ያደክማል።

3ኛ. ዘመድ የለውም። ሚኒ ዲቪን ብዙ ኩባንያዎች ሠሩት። ዲጂታል8ን ግን ከሶኒ ሌላ ለአጭር ጊዜ የሞከረው ሂታቺ ነው። ሌሎቹ አልተከተሉም። ዛሬ እነዚህ ካሜራዎች አይመረቱም። ስለዚህ ካሜራው ከተበላሸ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የተበላሸ ካሜራ ነው።

4ኛ. ሲጎዳ ክፉኛ ይጎዳል። አናሎግ ካሴት ሲያረጅ ምስሉ ላይ ነጫጭ ጭረት ይመጣል፣ ቀለሙ ይፈዛል፤ ሰውየው ግን ይታያል። ዲጂታል ካሴት ላይ ቁጥሩ መነበብ ካቃተው ምስሉ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆራረጣል፤ ድምፁም ይጠፋል። አንበሳው ድመት ቢሆንም ድመቱን ታያላችሁ፤ ቁጥሩ ከጠፋ ግን ምንም የለም።

5ኛ. ሁሉም ሞዴል አሮጌውን አያነብም። ልብ በሉ፣ «ብዙዎቹ» ነው ያልነው። በኋላ ከወጡት ርካሽ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ዲጂታል8 ብቻ ያጫውታሉ፤ አሮጌውን ካሴት አያነቡም። የዚህ ተቃራኒውም አለ። በዲጂታል8 የተቀረጸ ካሴት በድሮው የሃይ8 ካሜራ ቢገባ ምንም አይታይም። ካሴቱ መልኩ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም! የሚያነበው ካሜራ ነው ያልተገኘለት።

6ኛ. የአገር አሠራር ይለያያል። ይህ በተለይ ዘመድ ውጭ አገር ላላቸው ጠቃሚ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሠራበት የነበረው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባል ነው፤ በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል አለው። የእኛና የአውሮፓ ፓል ነው። አሜሪካ ያለች አክስት የላከችው ካሴት በፓል ካሜራ፣ እዚህ የተቀረጸውም ከአሜሪካ በመጣ ካሜራ በትክክል አይታይም። ካሜራ ከመዋሳችሁ በፊት ከታች ወይም ከጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ።

7ኛ. ኬብሉ ጠፋ። አዳዲስ ኮምፒውተሮች የፋየርዋየር ቀዳዳ የላቸውም። አንዳንዱ ካሜራ ዩ.ኤስ.ቢ. ቢኖረውም በዚያ የሚያልፈው ቪዲዮ ጥራቱ የወረደ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ያለው የቆየ ኮምፒውተር መፈለግ ያስፈልጋል።

8ኛ. ቦታና ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ 13 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። ለመገልበጥም አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ማፍጠን አይቻልም። መሃል ያለውን ነገር ለማየትም ማጠንጠን የግድ ነው።

ሚዛኑ ወዴት አጋደለ?

ጥቅሙ 5፣ ጉዳቱ 8 ሆነ። ታዲያ ጉዳቱ በለጠ እንበል? እንደዚያ አይደለም። ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የነገሩ ክብደት ነው፤ አምስት ብርቱካን ከስምንት ሎሚ ሊከብድ ይችላል። መጠየቅ ያለብን «ለምን ልንጠቀምበት ነው?» ብለን ነው።

አዲስ ነገር ለመቅረጽ ከሆነ ዲጂታል8 ዛሬ አያዋጣም። ይህን ያለ ምንም ማመንታት እንናገራለን። ተራ የሚባል ስልክ እንኳ ከ576 ነጥብ በላይ የጠራ ምስል ይቀርጻል፤ ካሴት አይፈልግ፣ ማጠንጠን አይፈልግ። የሰንደቅ ዓላማ ቀንን ወይም የወላጆች በዓልን በካሴት መቅረጽ በፋኖስ እንደ ማጥናት ነው፤ መብራት እያለ ማን ፋኖስ ይፈልጋል?

አሮጌውን ለማዳን ከሆነ ግን ዲጂታል8 የሚወዳደረው የለም። የድሮውን ካሴት የሚያነብና እዚያው ወደ ዲጂታል የሚለውጥ አንድ ዕቃ እሱ ነው። እንደ ድልድይ አስቡት። ድልድይ ይሻገሩበታል እንጂ ቤት አይሠሩበትም። ሶኒ ድልድዩን ሠራ፤ ብዙ ሰው ግን ሳይሻገር ቀረ። ካሴቱን እንደያዘ ወዲያ ማዶ ቆሟል። ድልድዩ ደግሞ በየዓመቱ አንድ አንድ እንጨት እየወለቀ ነው፤ ካሜራዎቹ እየተበላሹ፣ ክሩም እያረጀ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የክበባችንስ?

ይህን ጉዳይ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ቁም ሳጥን ውስጥ በስጦታ የተገኘች አንዲት የዲጂታል8 ካሜራና 14 ካሴቶች አሉ። ካሴቶቹ የድሮ ሃይ8 ናቸው። በላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «የወላጆች በዓል»፣ «የ8ኛ ክፍል ስንብት»፣ «ድራማ» የሚል ተጽፏል። አንዳንድ የክበቡ አባላት «ቦታ ይዘዋል፣ ይወገዱ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ቅርስ ናቸው፣ አይነኩ» ይላሉ። ሁለቱም ሐሳብ ካሴቶቹን አያድናቸውም። ከተወገዱ ጠፉ፤ ሳይነኩ ከተቀመጡም ክሩ አርጅቶ ይጠፋሉ።

እዚያ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አስቡት። ዛሬ ጡረታ የወጡ መምህራን ድምፅ አለ። በጭቃ የተሠሩት የድሮ ክፍሎች አሉ። ዛሬ ልጆቻቸውን እዚሁ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግቡ ወላጆች ያኔ ዩኒፎርም ለብሰው መዝሙር ሲዘምሩ አሉ። ይህን የሚተካ ስልክ የለም፤ ያለፈ ቀን ተመልሶ አይቀረጽም።

ሒሳቡን ሠርተናል። 14 ካሴት በ90 ደቂቃ ሲባዛ 1,260 ደቂቃ ይሆናል፤ 21 ሰዓት ማለት ነው። 21 ሰዓት በ13 ጊጋ ባይት ሲባዛ 273 ጊጋ ባይት ይመጣል። ባለ 500 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ አንድ ቢገኝ ሁሉንም ይዞ ይተርፈዋል። በሳምንት አንድ ካሴት ብንገለብጥ በ14 ሳምንት፣ ማለትም አንድ መንፈቅ ዓመት ሳያልቅ ሥራው ያልቃል። ስለዚህ የዚህ ዓምድ አቋም ይህ ነው፦ ካሜራዋ አዲስ ነገር መቅረጿን ታቁም፣ አሮጌውን ታሻግር። የተከበሩ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ሃርድ ዲስኩንና የፋየርዋየር ቀዳዳ ያለው አንድ ኮምፒውተር እንዲያፈላልጉልን ነው።

ቤታችሁ ካሴት ካለ እንዲህ አድርጉ

ሀ. ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት በመስኮቱ ክሩን እዩት። ነጭ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነውና አታስገቡት። ካሜራውን ያበላሻል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ካሴትም ይሄዳል።

ለ. በላዩ እንዳይቀረጽበት ከጎኑ ያለውን መዝጊያ ግፉት። በስህተት ቀይዋን ቁልፍ የተጫነ ሰው ሰርጉን በጣሪያ ምስል ይተካዋል!

ሐ. ካሜራውን መጀመሪያ በማትፈልጉት ካሴት ሞክሩት። ክር የሚበላ ካሜራ ከሆነ የሚበላው ያንን ይሁን።

መ. ብዙ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወስዳችሁ መልሳችሁ አጠንጥኑት። ከዚያ አጫውቱት።

ሠ. ባትሪው ከሠራ ሞልታችሁ፣ የመብራቱን ኬብል ነቅላችሁ በባትሪው አጫውቱት፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ ካሜራው መሃል ላይ አይቆምም።

ረ. ፋየርዋየር ካልተገኘ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ባለው ኬብል ከዩ.ኤስ.ቢ. መቅረጫ ጋር አገናኙት። ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም ከመጥፋት ይሻላል።

ሰ. የተገለበጠውን በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ስም ስትሰጡት ዓመቱን፣ ቦታውንና እዚያ ያሉትን ሰዎች ጻፉ። የማን ሰርግ እንደሆነ የሚያውቁት አያት በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።

ሸ. ከገለበጣችሁ በኋላም ካሴቱን አትጣሉት። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት። ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ፤ ካሴት ላይ ያለው ጽሑፍም ማግኔት ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. በፓል 90 ደቂቃ የሚይዝ ካሴት በዲጂታል8 ሲቀረጽበት ስንት ደቂቃ ይይዛል?
2. ዲጂታል8 ከሚኒ ዲቪ የሚበልጥበት ዋናው ነገር ምንድን ነው?
3. ቤታችሁ 6 የሃይ8 ካሴት ቢኖርና እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ቢሆን፣ ለመገልበጥ ስንት ጊጋ ባይት ቦታ ያስፈልጋል?

መልሱ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ሦስተኛውን ግን ማስላት ነው። ትክክለኛውን መልስ በክበባችን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ለሚያስገባ ተማሪ ስሙን በሰልፍ ላይ እናነብለታለን። ቤቱ ካሴት ኖሮት ማየት ያልቻለ ተማሪም ወይም መምህር የካሴቱን ዓይነት በወረቀት ጽፎ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይክተትልን፤ የክበባችንን እንደጨረስን ተራ እናስይዛለን።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የቴክኖሎጂ ዓምድ